ጡትም እንሠራለን

ሰኔ 1፣ ሰኞ

የማታ ትምህርቱን ጨረስኩ። ከክፍሉ ሁለተኛ ወጣሁ። አንደኛ የወጡት የባንክ ዘበኛው ሽማግሌ ናቸው፤ እሳቸው በሥራ ሰዓት ቁጭ ብለው ስለሚያጠኑ አይቆጠርም። እኔ ቀኑን ሙሉ ሶፋ ስሠራ ውዬ ነው ሁለተኛ የወጣሁት። መምህራችን ልጄን የምታክል ልጅ ናት። «የተማራችሁት እንዳይጠፋባችሁ በየጊዜው ጻፉ፤ አንድ መስመርም ትሁን» አለችን።

«ስለምን?» አልኳት።

«ስለሚያሳስብህ ነገር።»

«እኔን የሚያሳስበኝ ነገር የለም።»

ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እናቴ ከሞተች ወር እንዳልሞላት ታውቃለች።

ይኸው እየጻፍኩ ነው። እስክሪብቶ ከመዶሻ እንደሚከብድ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሰኔ 2፣ ማክሰኞ

ዛሬ ከቤት እስከ ሥራዬ ድረስ መንገድ ላይ ያለውን ማስታወቂያ ሁሉ አነበብኩ። ግማሹ ውሸት ነው። ማንበብ ሳልችል የተጻፈ ነገር ሁሉ እውነት ይመስለኝ ነበር።

ሰኔ 4፣ ሐሙስ

ስለ እማዬ ልጻፍ። መቼም ስለ እሷ የሚጽፍ ሰው ከኔ የተሻለ አይገኝም።

እማዬ ልብስ ሰፊ ነበረች። የዚህ ሰፈር ልጅ ሁሉ ዩኒፎርሙን የለበሰው ከእሷ እጅ ነው። አንድ ቀን ግራ ጡቷ ላይ ካንሰር ተገኘ፤ ተቆረጠ። ሐኪሙ ታላቅ እህቴን ወደ ጥግ ወስዶ «ሁለት ዓመት ብትቆይ ነው» አላት። የእማዬ ጆሮ ቀጭን ነው፤ ከመጋረጃው ወዲህ ሆና ሰማችው። አሥራ አንድ ዓመት ኖረች። ሐኪሙ ጡረታ ወጥቶ በተሸኘበት ቀን ራሷ የሰፋችውን ቀይ ቀሚስ ለብሳ ሄደች፣ ኬክ በላች፣ ሲጨርሱ ጠጋ ብላ «ዶክተር፣ ሱሪዎ ረዝሟል፤ ብቅ ይበሉና ላሳጥርልዎ» አለችው። መጣ። አሳጠረችለት።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አንድ ትከሻዋ ወደ ላይ ወጣ ወጣ ይል ጀመር። ልብስ ሰፊ ትከሻ ሲዛነፍ አይወድም። መስታወት ፊት ቆማ ራሷን እንደ ደንበኛ ከላይ እስከ ታች አየችና «ይቺን ሴትዮ ማስተካከል አለብን» አለች። ከነጭ ጥጥ ጨርቅ ለራሷ ጡት ሰፋች። የሆስፒታሏ ሲስተር አይታ አንዲት ሴት ላከችባት፤ ያቺም ሌላ ላከች። በመጨረሻ «ልብስ ስፌት» ከሚለው ታፔላ ሥር ሁለተኛ መስመር አስጻፈች፦ «ጡትም እንሠራለን»። ሰፈሩ ሳምንት ሙሉ ሳቀ። እማዬ «ይሳቁ፤ ሲደክማቸው ይለምዱታል» አለች። ለመዱት።

ስትሠራ መርፌዋን የምትሰካው እዚያችው ጡቷ ላይ ነበር። አንድ ቀን ሱሪ ልታስጠብብ የመጣች አዲስ ደንበኛ፣ እማዬ እያወራቻት መርፌውን ደረቷ ላይ ሰካ ስታደርግ አየችና ወንበሩ ላይ ዝልፍልፍ አለች። እማዬ ውሃ እየረጨችባት «አይዞሽ እናቴ፣ ይቺኛዋ አታምም» አለቻት።

ይኸው ሳቅሁ። ዓይኔ የሚያለቅሰው የስፖንጅ ብናኝ ገብቶበት ነው።

ሰኔ 8፣ ሰኞ

እታለም መጣች። እታለም የምለው ታላቅ እህቴን ነው። ልጅ ሳለሁ አፍንጫዬን የምትጠርግልኝ እሷ ነበረች፤ ዛሬም ስታየኝ እጇ ወደ አፍንጫዬ ሊሄድ ይቃጣዋል።

«ልጄን የሚጠይቁ ሰዎች ሊመጡ ነው» አለችኝ። «የልጁ እናትና አባት። በነሐሴ መጨረሻ፣ እሑድ ቀን። እዚህ ነው የምንቀበላቸው፤ የእማዬ ሳሎን ይሰፋል።»

«ይምጡ! ሶፋውን ማን እንደሠራው ንገሪያቸው።»

«ያን ታፔላ አውርድልኝ።»

«የቱን?»

«አትቀልድ። የቱን እንደሆነ ታውቃለህ።»

«ምን አደረገሽ?»

«ሰው በዘር ይተላለፋል ይላል። ቤቱ የእሱ ቤት ነው ይሉናል። የምትጎዳው ልጄ ናት።»

«እሱ ማነው?»

«ያ በሽታ ነዋ።»

«ስም የለውም?»

እታለም ያን ቃል ከአፏ አውጥታው አታውቅም። እማዬ ፊቷ ቁጭ ብላ «ካንሰሬ፣ ካንሰሬ» እያለች ስለ ጎረቤት እንደምታወራ ሰው ስታወራ፣ እታለም «ያመማት ነገር» ነበር የምትለው።

የእማዬን የሥራ ክፍል ደግሞ ባሏ ተከራይ አግኝቶለታል፤ ስልክ ጠጋኝ ነው። ቤቱ የሁለታችን ስለሆነ ያለ እኔ አይሆንም፣ ያለ እሷም አይሆንም። «አስብበታለሁ» አልኳት። ያሰብኩት ወዲያው ነው፤ አይሆንም።

ስትወጣ በሩ ላይ ቆመች። «እማዬን መጀመሪያ ሲጀምራት ያማት ነበር እንዴ?»

«እኔ ምን አውቄ። እማዬ ታማ ታውቃለች?» አልኳት። ሄደች። ሹራቧን እስከ አንገቷ ቆልፋ ነበር፤ ቀኑ ግን ሞቃት ነው።

ሰኔ 12፣ ዓርብ

አንዲት ሴት መጣች። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ናት። ሲስተሯ ናት የላከቻት፤ እማዬ መሞቷን አልሰሙም። ነገርኳት። ሴትዮዋ በሩ ላይ እንደቆመች ቀረች፤ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ።

«እንግዲያው ይቅርታ ወንድሜ፣ እግዜር ያጥናችሁ። ሥራ ልመለስ ነበር። መሪውን ሳዞር ቀበቶው እዚህ ባዶው ላይ እየገባ ይፈገፍገኛል፤ ትከሻዬም ይጎትተኛል።»

«ማን ሂጂ አለሽ? እኔ ልጇ ነኝ» አልኩ። «ሚኒስትር የሚቀመጥበት ሶፋ የሞላሁ ሰው ነኝ፤ አንድ ጡት ያቅተኛል? በሚመጣው ሳምንት ነይ።»

ሄደች። ልጄ ከኋላዬ ነበረች። ከእማዬ እግር ሥር ቁጭ ብላ ያደገች ናት፤ መርፌ ስትይዝ እማዬን ነው የምትመስለው። እማዬ ከሞተች ወዲህ ግን ያን ክፍል ረግጣ አታውቅም፤ ደፉ ላይ ትቆማለች።

«አባዬ፣ አብደሃል?»

«ምን አጠፋሁ?»

«ሚኒስትሩስ የትኛው ነው?»

«ሾፌሩ ነበር የመጣው። ግን ሶፋው የሚኒስትሩ ነው።»

ሰኔ 15፣ ሰኞ

ጀመርኩ። ቀላል ነው።

ሰኔ 16፣ ማክሰኞ

ቀላል አይደለም።

ሰኔ 19፣ ዓርብ

ሠርቼ ጨረስኩ። አንደኛ ደረጃ ስፖንጅ ነው፤ ወፍራም ሰው አሥር ዓመት ቢቀመጥበት አይሰረጉድም። ዙሪያውን በድርብ ክር ሰፋሁት። ሹፌሯ መጋረጃው ኋላ ገብታ ለበሰችው። ብዙ ቆየች።

«እንዴት ነው?» አልኩ።

«ወንድሜ፣ ይሄ ጡት ነው ወይስ የሶፋ ክንድ?»

ወጣች። መሪ እንደምታዞር እጇን ወዲያና ወዲህ አደረገች። ስፖንጁ ቀላል ስለሆነ እጇን ባነሳች ቁጥር ወደ አንገቷ ይወጣል። ሦስተኛው ላይ አገጯ ሥር ደረሰ። ሳቀች፤ በኃይል ሳቀች። ከዚያ ቁጭ ብላ አለቀሰች። «በደንብ የተሠራ ነው እኮ» አልኩ። ጅል።

አፌ ነው። ሁልጊዜ እጄን የሚቀድመው አፌ ነው።

ሰኔ 21፣ እሑድ

የእማዬን መሳቢያ ከፈትኩ። የራሷ ጡት አለ፤ ያ መርፌ የምትሰካበት። ውስጡ ምን እንዳለ ለማየት መተርተር አለበት። ምላጩን ያዝኩ። አስቀመጥኩት። እንደገና ያዝኩ። በዕድሜዬ ስንት ሶፋ አርጃለሁ፤ ሆዱን ቀድጄ አንጀቱን ሳወጣ ምላጭ መልሼ አስቀምጬ አላውቅም።

ልጄ ደፉ ላይ ቆማ ስታየኝ ነበር። ገባች። ምላጩን ከእጄ ወሰደችና በስፌቱ በኩል፣ ክሩን ብቻ እየበጠሰች ከፈተችው። ጨርቁን አልነካችውም።

ውስጡ ተልባ ነው! ስፖንጅ የለ፣ ምን የለ። ላዩ ጥጥ ነው፤ መሃሉ ላይ ተልባ በትንንሽ ኪሶች ተከፋፍሎ ተሰፍቷል። «ወደ ታች ሁሉም እንዳይወርድ ነው» አለች ልጄ፤ አያቷን እምዬ ነው የምትላት። «እምዬ ስትሠራ አይቻለሁ። መጀመሪያ ባዶውን ታለብሳታለች፤ ከዚያ ሴትየዋን ዓይኗን አስጨፍና በማንኪያ ትጨምርላታለች። ከኋላዋ ቆማ ትከሻዋን ታያለች። ሴትየዋ ‹በቃ› የምትለውና ትከሻዋ የሚስተካከለው አንድ ላይ ነው።»

«ይሄን ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?»

«መች ጠየቅከኝ?»

ከኋላ ቆሞ ማየት ደግሞ ለእኔ አይሆንም። ወንድ ነኝ። «አንቺ ትሠሪዋለሽ?» አልኳት። የተከፈተውን መልሳ መስፋት ጀምራ ነበር። ቀና አላለችም። «መርፌ አምጣልኝ፤ ይሄኛው ደንዟል» አለች።

ሰኔ 28፣ እሑድ

እንዲህ ነው ሥራ! ልጄ ናት የሠራችው፤ እኔ ጨርቁን ቆረጥኩ፣ ጨርቅ መቁረጥ ደግሞ ትልቁ ነገር ነው። ሹፌሯና ልጄ መጋረጃው ኋላ ናቸው፤ እኔ ወዲህ ቁጭ ብዬ ጣራ አያለሁ። «ጨምሪ» ትላለች ሹፌሯ። የማንኪያው ድምፅ። «ጨምሪ። ትንሽ። በቃ!» ልጄም በዚያው ቅጽበት «በቃ» አለች። ሁለቱም ሳቁ።

በዚህ መሃል እታለም ካርቶን ይዛ ገባች። የእማዬን ዕቃ ልታሽግ ነው የመጣችው። ሳቁን ስትሰማ ቆመች። ካርቶኑን በግራ እጇ ነበር የያዘችው፤ ቀኟን ጎኗ ላይ ለጥፋዋለች።

ሹፌሯ ወጣች። ቀጥ ብላ ወጣች። አየሩ ላይ መሪ አዞረች፣ ማርሽ ቀየረች፣ ክላክስ ነፋች፤ «ፒፕ! ዞር በል አንተ ሶፋ!» አለችኝ። ትከሻዋ እንደ መደርደሪያ ልክ ነበር።

እታለም ስታያት ቆየች። ከዚያ ወደ በሩ ሸኘቻት፤ የማታውቃትን ሴት። እዚያ ቆመው በሹክሹክታ ያወሩ ነበር። ሹፌሯ ክንዷን ያዘቻት። ሴቶች ሲያወሩ እኔ ምን ቤት ነኝ።

ካርቶኑን ባዶውን ትታው ሄደች።

ሐምሌ 3፣ ዓርብ

ሲስተሯ ሌላ ሴት ላከች። መጣች።

ሐምሌ 7፣ ማክሰኞ

ስልክ ጠጋኙ ክፍሉን ሊያይ መጣ፤ ሜትር ይዞ። በእጄ አንድ ጡት ነበረ። «እስኪ አንዴ ያዝልኝ» አልኩት። ያዘ። «ምንድን ነው?» አለ። «ጡት» አልኩት። የጋለ ብረት እንደያዘ ሰው ወረወረው። «የማን?» ይለኛል! «ይቺ የአንዲት ጠበቃ ናት፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ትመጣለች። እዚህ ብትገባ ስልክ ቤት መሆኑን ስለማያውቁ እየመጡ ያስቸግሩሃል። ሁሉንም ያሳዩሃል፤ ልምድ ሆኖባቸው ነው።»

ሜትሩን እንኳ ረስቶ ሄደ። ጥሩ ሜትር ነው።

ሐምሌ 9፣ ሐሙስ

የእታለም ባል፣ ጋሼ የምለው፣ ደወለ። «አንተ ሰውዬ፣ አርባ ዓመት አለፈህ፤ መቼ ነው ሰው የምትሆነው?» አለኝ። «ጋሼ፣ እየሞከርኩ ነው፤ ማንበብ ዘንድሮ ነው የቻልኩት» አልኩት። ዘጋብኝ።

ሐምሌ 12፣ እሑድ

ከእታለም ጋር ተጣላን።

የመጣችው በቁጣ ነው። «ተከራዩን ለምን አባረርክ?» አለች። «የእማዬ ክፍል ነው» አልኩ። «እማዬ ሞታለች!» አለች። ማንም ይሄን ቃል እንዲህ ጮኾ ነግሮኝ አያውቅም። እኔም ጮህኩ። «አንቺ አፍረሽባታል። በሕይወት እያለችም ታፍሪባት ነበር። እሷ ደረቷን ነፍታ በሄደችበት ሰፈር አንቺ ተሸማቀሽ ትሄጂያለሽ» አልኳት።

ትመልሳለች ብዬ ጠበቅኩ። ስድብ አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ቁጭ አለች፤ የእማዬ መስፊያ ወንበር ላይ።

«እማዬ ደፋር ነበረች» አለች ቀስ ብላ። «ሁሉም ሰው እማዬን መሆን አለበት? የፈራ ሰው የት ይግባ?»

መልስ ነበረኝ። የቀልድ መልስ ነበር። ዋጥኩት፤ አሁን ሆዴ ውስጥ አለ፤ አልፈጭ ብሎኛል።

ምን ፈርታ ነው? ስለ ልጇ ነው። እናት ናት። ሌላ ምን ይኖራል።

ሐምሌ 19፣ እሑድ

ልጄ ምሳ ላይ «አባዬ፣ እታለም ቀኝ እጇን አንስታ ስታበጥር አይተሃታል?» አለችኝ።

«ስታበጥር ምን ቤት ነኝ።»

«ሹራቧን ለምን አታወልቅም?»

«ብርዳም ናት።»

«አባዬ።»

«ብዪ ምሳሽን።»

ምሳዋን አልበላችም። እኔ የሁለታችንንም በላሁ። ደህና ሰው እንዲህ ነው የሚበላው።

ሐምሌ 22፣ ረቡዕ

ሹፌሯን መንገድ ላይ አየኋት። ሙሉ አውቶቡስ ይዛ፣ ቀጥ ብላ፣ ክላክስ ነፋችልኝ። በግራ እጄ ሰላምታ ሰጠኋት። ከኋላዋ ባለው የመጀመሪያው መቀመጫ ላይ እታለምን የመሰለች ሴት ነበረች። አውቶቡሱ ወደ ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ታጠፈ።

በዚያ በኩል ገበያም አለ።

ሐምሌ 24፣ ዓርብ

እታለምን ደወልኩላት። «ገበያ ሄደሽ ነበር?» አልኳት። «አዎ» አለች። «ምን ገዛሽ?» አልኳት። «ሽንኩርት» አለች።

ድሮ ልጅ ሆኜ ስዋሽ «ዓይኔን እየኝ» ትለኝ ነበር። በስልክ ዓይን አይታይ።

ነሐሴ 4፣ ሰኞ

ሥራ በዛ። ልጄ ክፍሉ ውስጥ ትውላለች። መሃል ላይ እማዬን እየጠቀሰች ደንበኞቹን ታስቃለች። «እምዬ አንድ ቀን አባቴ አምሽቶ ሲመጣ ጡቷን አውጥታ ወርውራ ግንባሩን መታችው» ስትላቸው ሰማሁ። እውነት ነው። ተልባ ከባድ ነው።

እማዬ በመጨረሻዎቹ ወራት እጇ አብጦ ነበር። መቀስ አልይዝ ሲላት፣ በግራ እጇ መቁረጥ ተማረች፤ በዚያ ዕድሜ! «እጄ እምቢ ካለ እግሬ አለ፤ ማሽኑን የሚነዳው እግር ነው» ትል ነበር። የመጨረሻውን ኮት እጅጌ ስትሰፋ ከጎኗ ሆኜ ጨርቁን የገፋሁላት እኔ ነኝ። ጠማማ ገፋሁ። «አንተ ሶፋህን ሂድና ስፋ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ብዙ አልተናገረችም። እኔም ብዙ አልቀለድኩም። ብናኝ ይሄ ቤት ሞልቷል።

ነሐሴ 17፣ እሑድ

እታለም መጣች። ልጄን ሱቅ ላከቻት። እኔን አስቀመጠችኝ፤ ራሴ የሠራሁት ሶፋ ላይ። አጠገቤ ተቀመጠች።

«አገኙብኝ» አለች።

«ምን?»

«እማዬ ላይ ያገኙትን።»

ቃሉን አላወጣችም፤ ቀኝ ጡቷን በግራ እጇ ያዘች። ከሰኔ በፊት ነው ያወቀችው። ብቻዋን ይዛው ስትዞር ነበር። ሆስፒታል የወሰደቻት ሹፌሯ ናት። እኔ አይደለሁም። ሹፌሯ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ትቀልዳለህ ብዬ ፈራሁ።»

እውነቷን ነው። ያው ጎበዝ አንባቢው እኔ ነኝ፤ የከተማውን ታፔላ ሁሉ ያነበብኩት። አጠገቤ ያለችውን እህቴን አንድ ፊደል አላነበብኳትም። አንብቤያት ነበር፤ ገጹን አለፍኩት።

ሐኪሙ «በጊዜ ነው የመጣሽው» ብሏታል። ኦፕራሲዮኑ ነሐሴ 25፣ ሰኞ። እንግዶቹ የሚመጡት ደግሞ እሑድ፣ በዋዜማው። ጋሼ «ልጅቷ እስክትታጭ ማንም እንዳይሰማ፤ ጨጓራ ነው እንላለን» ብሏል።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አልኳት።

«እኔ ደክሞኛል» አለች። «ታፔላውን አውርድልኝ። እባክህ።»

እጇ ወደ አፍንጫዬ መጣ። ጠረገችልኝ።

ነሐሴ 20፣ ረቡዕ

ታፔላውን አወረድኩ። ሚስማሩ እምቢ ብሎ ነበር፤ ደንበኛ ሚስማር፣ እኔ ነበርኩ የመታሁት። ማሽኑን ሸፈንኩ። ጨርቁን፣ ተልባውን፣ ሜትሩን፣ ሁሉን በካርቶን አሽጌ ጠቀለልኩ። ልጄ አልረዳችኝም። «እምዬ ብትሆን አታወርድም ነበር» አለች።

«እምዬ ብትሆን፣ ልጇ እባክሽ ብትላት ታወርድ ነበር» አልኳት።

ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ? መልሼ ሳነበው ገረመኝ። ግን ተሸነፍኩ። ቂጤ እየነደደ ተሸነፍኩ።

ነሐሴ 24፣ እሑድ

መጡ። አሁን ሳሎን ናቸው። ይሄን የምጽፈው በእማዬ ክፍል ሆኜ ነው፤ ለምን እዚህ እንደሆንኩ ልንገር።

የልጁ አባት ጥሩ ሰው ይመስላሉ፤ ሶፋውን ደጋግመው አሹት። የልጁ እናት ደግሞ ሁሉን የሚያዩ ሴትዮ ናቸው። እታለም አዲስ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ፣ ሹራብ ሳትደርብ፣ የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዛ ገባች። የእህቴ ልጅ ከጎኗ ኩባያ ትደረድራለች።

«ምነው፣ ባለፈው ካየሁዎት በጣም ከስተዋል?» አሉ ሴትዮዋ። «ደህና ነዎት?»

«ጨጓራዋ ነው» አለ ጋሼ ፈጠን ብሎ።

«ወይ ጨጓራ!» አሉ የልጁ አባት። «እኔን አሥር ዓመት ያሰቃየኝ እኮ ነው። በሰዓቱ መብላት ነው። ቃሪያ አለመንካት። ሌላው ደግሞ ንዴት...» ቀጠሉ። ስለ ጨጓራቸው ብዙ ያውቃሉ። ጋሼ ራሱን እየነቀነቀ «ልክ ነው፣ ልክ ነው» ይላል።

እታለም ኩባያው ላይ ሻይ እየቀዳች ነበር። ሞላች። ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

«ጨጓራ አይደለም» አለች። «ካንሰር ነው። ጡቴ ላይ ነው። ነገ ይቆርጡልኛል። ለእርስዎ ስኳር ስንት ላድርግ?»

«ሁለት» አሉ ሴትዮዋ፤ ሳያውቁት ነው የወጣቸው።

ሁለት ጨመረችላቸው። አማሰለችላቸው። ጋሼ ፊቱ ያረጀ ስፖንጅ መሰለ። የእህቴ ልጅ የእናቷን ቀሚስ ከኋላ ጨምድዳ ያዘች።

«እናታችን ይሄው በሽታ ነበረባት፤ አሥራ አንድ ዓመት ሠርታበታለች፣ ስቃበታለች» አለች እታለም። «ልጄን የምትወስዱ ከሆነ ይሄን አውቃችሁ ውሰዱ። ይቅርብን ካላችሁም ሻያችሁን ጠጡና ሂዱ፤ አልቀየማችሁም። እኔ ግን የራሴን በሽታ ጨጓራ ብዬ አልጠራም።»

እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

ዞር አለችብኝ። «አንተ ምን ትገተራለህ? ና ለካኝ።»

«አሁን?»

«ሁሉም ሴት ወደዚህ ቤት የመጣችው ከተቆረጠች በኋላ ነው፤ እማዬ በግምት ነበር የምትሠራላቸው። እኔ ሁለቱም እያሉኝ ልለካ። የኔ በግምት አይሠራም።»

«እታለም፣ አሽጌዋለሁ እኮ፤ ክፍሉን ዘግቼ...»

«ክፈተዋ!»

ከፈትኩት። ካርቶኑን በምላጭ ሳይሆን በጥርሴ ነው የቀደድኩት ማለት ይቻላል። ልጄ ሜትሩን ከእጄ ነጥቃ ከእታለም ጋር መጋረጃው ኋላ ገባች። እኔ ወዲህ ወንበር ላይ ነኝ፤ ልኩን የምጽፍበት ሌላ ወረቀት ስላጣሁ ይሄንኑ ደብተር ይዤ። ሳሎን ከግድግዳው ማዶ ነው፤ የማንኪያ ድምፅ እንኳ ይሰማል። የተነሳ ሰው የለም። ወይ ተነስቷል፤ ሶፋዬ ሲነሱበት አይጮህም።

ልጄ ቁጥሩን በሹክሹክታ ነገረችኝ። እንግዶቹን አክብራ ነው።

«ጮክ ብለሽ» አለች እታለም ከመጋረጃው ውስጥ። «ሳሎን ድረስ ይሰማ!»

ልጄ ጮኸች። እኔ ጻፍኩ።